ዛቢያና እጀታ

አባቴ አናጢ ነበር። ሲሞት ከቤቱ የተገኘው ሀብት ተደምሮ ከአንድ የእንጨት ሣጥን ብዙም አይበልጥም። በሣጥኑ ውስጥ አራት መሮ፣ ሁለት ሞረድ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ መጥረቢያና ጥርሱ የረገፈ መጋዝ ነበሩ። እኅቶቼ የሚሸጠውን ሸጠው፣ ለነዳይ የሚሰጠውን ሰጥተው ሲያበቁ «ይኸ ደግሞ ያንተ ድርሻ ነው» ብለው ሣጥኑን ለእኔ አሸከሙኝ። ወስጄ ከዕቃ ቤት ጥግ አስቀመጥኩት፤ ከሃያ ዓመት በላይም ክዳኑን አላነሣሁም። ለምን እንዳላነሣሁ ከዚህ ዝቅ ብዬ እናገራለሁ፤ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ቤት ስንቀይር ሣጥኑ ግድ ተከፈተ። ብረቶቹ ዝገት ለብሰዋል እንጂ እንደነበሩ ናቸው። ያለቀው እንጨቱ ነው። የመሮዎቹን እጀታ ነቀዝ ዱቄት አድርጎታል፤ የመጥረቢያው ዛቢያ ከአንገቱ ተሰብሯል፤ የመዶሻው ጨርሶ የለም። አንዱን መሮ በናፍጣ ነክሬ በጨርቅ ፈተግ ፈተግ ሳደርገው ከዝገቱ ሥር የላቲን ፊደላት ብቅ አሉ። «ሼፊልድ» ይላል፤ ከሥሩም «ካስት ስቲል»።

ሼፊልድ በእንግሊዝ አገር ያለች የብረት ከተማ ናት። በ1740ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን አስተማማኝ ብረት አጥቶ ሲቸገር፣ በዚያች ከተማ አጠገብ ተቀምጦ ብረትን በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጨርሶ አቅልጦ የማጥራት ዘዴ አገኘ። «ካስት ስቲል» የሚለው ማኅተም በዚህ ዘዴ የነጠረ ብረት ማለት ነው። እንግዲህ አሮጌ መሮ ይህ ማኅተም ካለበት መጣሉ ግፍ ነው። ዛሬ በቀይና በቢጫ ፕላስቲክ እጀታ ተሽሞንሙኖ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው አይተካከለውም። የድሮው እንግሊዛዊ አናጢ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ባዶውን ብረት ነበር፤ ነጋዴው መሮውን ያለ እጀታ ይሸጥለታል፣ እሱ እጀታውን በእጁ ልክ ያበጅለታል።

እኔም ብረቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ የእንጨት ቶርኖ ፍለጋ ወጣሁ። ጠይቄ ጠያይቄ ከአንድ ጠባብ ቤት ደረስኩ። ባለሙያው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር የእንጨት ብናኝ የለበሰ ሰው ናቸው። መሮውን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የአባቴ ነው፣ አባባ።»

«በሕይወት አለ?»

«የለም።»

«ነፍሱን ይማር። እንጨቱስ ምን ይሁንልህ?»

አፌ ተያዘ። እንጨት እንጨት ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ዝም ብል ጊዜ ሳቅ አሉና «የአናጢ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ስለ እጀታ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚያች ሳቅ ተነክቼ ነው።

የታሪክ ሊቃውንት ዘመናትን ሲከፍሉ የድንጋይ፣ የነሐስ፣ የብረት ብለው ሰይመዋቸዋል። በእንጨት የተሰየመ ዘመን የለም። ሰው ግን በእነዚያ ዘመናት ሁሉ በእጁ ጨብጦ የኖረው እንጨት ነበር፤ ድንጋዩም ብረቱም ከእንጨቱ ጫፍ ላይ የተሰካ ነገር ነው። እንጨት ስለሚበሰብስ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ጫፉ ብቻ ሆነ፤ በየሙዚየሙ የምናየውም ይኸው ነው፤ እጀታ የሌለው የመሣሪያ ጭንቅላት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ።

ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ታላቅ ነገር በ1991 (እ.ኤ.አ.) ተገኘ። በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ፣ ከበረዶው ውስጥ የአንድ ሰው ሬሳ ከነልብሱና ከነመሣሪያው ብቅ አለ። ኦትዚ የሚል ስም ወጣለት። የሞተው ከ5,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከአጠገቡ የመዳብ ምሳር ነበር፤ ያውም ከነዛቢያው! ዛቢያው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የተሠራው «ዩ» ከተባለው ጠንካራ ዛፍ ሲሆን፣ ግንዱ ዘንጉ ሆኖ ከግንዱ ጎን የወጣው ቅርንጫፍ መዳቡን እንዲይዝ ተሰንጥቋል። መዳቡ በዛፍ ሙጫ ተጣብቆ በቆዳ ጠፍር ተጠፍሯል። ሠሪው እንጨቱን ያጎበጠው በኃይል አይደለም፤ እንደ ጎበጠ የበቀለውን ፈልጎ አገኘ እንጂ። የእኛም ባላገር ከዱር ሲገባ ለእርፉም ለሞፈሩም የሚሆነውን ገና ከዛፉ ላይ ሳለ በዓይኑ መርጦ ያድራል፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመውም ይሰጋል።

ከቋንቋችንም ብንነሣ እጀታ የተናቀ ነገር አልነበረም። እጀታ ከእጅ የወጣ ቃል መሆኑ ግልጽ ነው። የምሳርና የዶማ ሲሆን ግን ዛቢያ ይባላል፤ የጦር ሲሆን ዘንግ፤ የማረሻ ሲሆን እርፍ። እርፍን ከተማ የተወለደውም ሰው ቢሆን ከወንጌል ያውቃታል። ገበሬ ከሚያርስበት ዕቃ ብረቱ ማረሻውና ወገሉ ብቻ ነው፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ እርፉ ሁሉ እንጨት ነው። ዛቢያ ደግሞ ሳይታሰብ ትልቅ ሹመት አግኝታለች። የጂኦግራፊ መጻሕፍት በአማርኛ ሲዘጋጁ መሬት የምትሽከረከርበት ያ የማይታይ መስመር ስም አስፈለገውና «ዛቢያ» ተባለ። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ «ምድር በዛቢያዋ ላይ ትዞራለች» ሲባል ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ አንድ የምሳር እንጨት ተሰክቶ ይታየው ነበር። መምህሩ ሲስቁ የሳቁበት ምክንያት አልገባውም።

መጽሐፍ ቅዱስም ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር ሄዶ፣ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ገዳዩ ሸሽቶ የሚድንባቸው ከተሞች እንዲለዩ ታዟል። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 ደግሞ ከነቢያት ልጆች አንዱ ዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ ብረቱ ወልቆ ውኃ ገባበት፤ የጮኸውም ብረቱ የተዋሰው ስለሆነ ነው፤ ኤልሳዕ ነው ያንሳፈፈለት። በሁለቱም ቦታ ጥፋቱ የብረቱ አይደለም። እንጨቱ ደርቆ ኮስሶ ብረቱን ለቀቀው። ለእንዲህ ያለ ነገር ሕግ እስኪወጣ ድረስ የሰው ሕይወት መጥፋቱን ሳስብ የሽማግሌው ጥያቄ የዋዛ እንዳልነበር ገባኝ።

በሁለተኛው ቀን ስሄድ አባባ አንድ ወይራ ይዘው ይሰነጥቃሉ። በመጋዝ ለምን እንደማይቆርጡት ብጠይቃቸው «መጋዝ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ፍልጥ የእንጨቱን መንገድ ይሄዳል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ከሥሩ እስከ ጫፉ የተዘረጋ ጅማት አለው። መጋዝ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ጅማቱን አግድም ሊቆርጠው ይችላል፤ ያ የተቆረጠበት ቦታ አንድ ቀን በምት ላይ ይሰበራል። በሽብልቅ የተፈለጠ እንጨት ግን የሚከፈተው በጅማቱ አቅጣጫ ብቻ ነውና ከዚያ የሚወጣው እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር መድረቁ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮሰምናል። ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ ብረት የገባበት ዛቢያ በወሩ ይላላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መሣሪያውን ከነእጀታው ከውኃ ይነክረዋል። እንጨቱ አብጦ ይጠብቃል፤ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን እንጨቱ ያበጠው ብረት ውስጥ ታፍኖ ስለሆነ ጅማቱ ይደቅቃል፣ እንደገና ሲደርቅ ከቀድሞው የበለጠ ይላላል። አባቴ በክረምት መባቻ ፍልጥ ከጣራው ሥር ሰክቶ ዓመት ያህል የሚረሳው ለምን እንደነበር በሃምሳ አምስት ዓመቴ ተማርኩ።

የእንጨቱ ዓይነትስ? አውሮፓውያን «አሽ» የተባለውን፣ አሜሪካውያን «ሂከሪ» የተባለውን ዛፍ ለመጥረቢያ ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ምትን ውጠው ለእጅ የሚያቀሉ እንጨቶች ናቸው። በእኛ አገር ዋንዛ ለበርና ለወንበር፣ ዝግባ ለጣውላ ሲባል፣ ለእጀታ ወይራና ክትክታ ተመርጠው ኖረዋል። ወይራ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክትክታ ቀጭን ቢሆንም አይበገርም። ችግሩ ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው እንደነበር ይታወቃል። ከተማዋን ከቦታዋ ያቆያት በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለአጠና ይደርሳል፤ ስለዚህ የከተማው ዶማና አካፋ ሁሉ ዛቢያው ባሕር ዛፍ ሆነ። ቶሎ ያደገ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። አባባ ስሙ ሲነሣ እጃቸውን አወናጨፉ፤ እኔ ግን ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል ከተማ ያቆመ ዛፍ ነው እላለሁ።

አሁን ያዘገየሁትን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ በየዓመቱ መጀመሪያ የምንሞላው ቅጽ ነበር፤ «የወላጅ ሥራ» የሚል መስመር አለበት። እኔ «ነጋዴ» ብዬ እጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ አባቴ ቅጹን አየው። ማንበብ ይችላል። ምንም አላለኝም፤ አጣጥፎ መለሰልኝ። ሣጥኑን ሃያ ዓመት ያልከፈትኩት ለዚህ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለውን ኀፍረት እኔ አልፈጠርኩትም። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ከጉርብትና የሚገለልበት አገር ነበር። በጎንደርና በዙሪያው ብረቱን የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላውን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በሕንፃው ሥራ ላይ ግንበኞችና አናጢዎችም ነበሩ። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእነሱ ይገዛል፤ ማታ ደግሞ ዓይናቸውን ይፈራል። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በታላላቆቹ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያቸውም አብሮ ሄደ።

ከነገሥታቱ መካከል ነገሩ የቆረቆራቸው አልታጡም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው የአገሩን ልጆች ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው በ1859 ዓ.ም. እዚያ ነው። መድፉ ወደ መቅደላ የተጎተተው በሠረገላ ነበር። ያን ሁሉ ክብደት የተሸከመውን ሠረገላ እንጨት የመረጠው፣ የጠረበው ማን እንደሆነ ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? ታሪክ የሚመዘግበው ብረቱን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ «ነጋዴ» ብሎ ጻፈ።

ወደ ቶርኖው ልመለስ። ስሙ እንደሚያሳብቀው ከጣሊያኖች የወሰድነው ቃል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። መሮ፣ ምሳር፣ መዶሻ፣ መጋዝ የቆየ ስም አላቸው፤ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን ግን የጣሊያን ናቸው። በክንድ የሚመታው በአማርኛ፣ የሚሽከረከረውና የሚጠመዘዘው በጣሊያንኛ ይጠራል። አባቴም ሙያውን ያሻሻለው ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ በቀረ አንድ ጣሊያናዊ አናጢ ዘንድ ነው። ሼፊልዱን መሮ ከማን እንዳገኘው ግን አልጠየቅኩትም።

ይሁንና እንጨትን እያሾሩ መቅረጽ ከጣሊያኖች በጣም ይቀድማል። በግብፅ በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ሥዕል አለ። አንዱ ሰው በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲያና ወዲህ ይጎትታል፤ ሌላው መቁረጫውን ይደግናል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ጠፍር ጎታቹን ሰው አስቀሩት። ገመዱን ከላይ ከሚለጠጥ ዘንግ፣ ከታች ከእግር መርገጫ ጋር አሰሩት፤ ባለሙያው ሲረግጥ እንጨቱ ወደ እሱ ይዞራል፣ ሲለቅ ዘንጉ መልሶ ይስበዋል። የሚቆርጠው ሲረግጥ ብቻ ነው። ግማሽ ጊዜውን ለመመለሻ ይከፍላል ማለት ነው። ባለ ሞተር ቶርኖ ከዚህ የተገላገለ ነው።

የአባባ ቶርኖ ባለ ሞተር ነው። የሠሩትን ግን እንደ ሠሩት ልንገራችሁ። ደረቁን ወይራ ካዘጋጁ በኋላ መጀመሪያ የመሮው ሹል ጅራት የሚገባበትን ቀዳዳ በሱ፤ አፉ ላይ ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ አድርገው። ከዚያ የቶርኖውን ሹል ራስ ከዚያው ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው እንጨቱን አሾሩት። ጀማሪ ሰው መጀመሪያ አሽሮ ኋላ ይበሳል አሉኝ፤ እንዲህ ሲሆን ቀዳዳው ጠመም ይልና መሮው ዕድሜ ልኩን ተጣሞ ይኖራል። ቀዳዳው ቀድሞ ከተበሳ ግን እንጨቱ የሚዞረው በቀዳዳው ዙሪያ ስለሆነ መሳሳት አይቻልም። ወይራው ቢጫና ቡናማ እየሆነ እንደ ሐረግ ተልጦ ወደቀ። አንገቱ ላይ ከነሐስ ቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት አጠለቁበት፤ መዶሻ ሲያርፍበት እጀታው እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ቀለበቱ ነው። በመጨረሻ የመሮውን ስለት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጅራቱን ብቻ በእሳት አግለው ከቀዳዳው ሰኩት። እንጨቱ ጢስ ብሎ ቦታውን ለብረቱ አበጀ። ጨርቁ ለምን? ሙቀቱ እስከ ስለቱ ከደረሰ ሀንትስማን የደከመበት ብረት ጥንካሬውን ያጣል፣ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል።

አራቱ መሮና ሁለቱ ሞረድ በአንድ ቀን አለቁ። መጥረቢያውን ሳወጣ ግን አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼን ቶርኖ አይሠራውም» አሉ።

እኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። ቶርኖ የሚያወጣው ክብ ነው። መሮ ክብ ቢሆን ግድ የለውም፤ መጥረቢያ ግን ክብ ከሆነ እጅ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ስለቱ ወዴት እንደዞረ መዳፍ አያውቅም። ሞላላ መሆን አለበት። ለዚህም ነው በሺህ ለሚቆጠር ዘመን ቶርኖ እያለ ዛቢያ በእጅ ሲጠረብ የኖረው። በ1819 (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ብላንቻርድ የተባለ አሜሪካዊ ነገሩን ፈታው። የፈለሰፈው ለጠመንጃ ሰደፍ ነበር፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ። አስቀድሞ የተሠራ ሰደፍና ያልተሠራ እንጨት ጎን ለጎን እኩል ይሽከረከራሉ፤ አንድ መንኮራኩር የተሠራውን እየዳሰሰ ሲሄድ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ባለ ስለት መንኮራኩር ያልተሠራውን በዚያው ልክ ይልጠዋል። መንኮራኩሩ ያየውን ይደግማል ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የጫማ ቅርጽም የመጥረቢያ ዛቢያም በዚሁ ዘዴ ይፈበረክ ጀመር። ከፋብሪካ የሚወጣው ዛቢያ ሁሉ የአንድ ዛቢያ ግልባጭ ሆነ፤ ያ አንዱ ግን ሁልጊዜ በአንድ ሰው እጅ የተጠረበ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። ከጥጉ አንድ የወይራ ፍልጥ አነሡና ሰጡኝ። ከተፈለጠ ገና አንድ ወሩ ነበር። «አባትህ በምን ይጠርበው ነበር?» ሲሉኝ የመሮውን ሣጥን አየሁ። ሒሳቡን ስጠይቅ የስድስቱን ነገሩኝ፤ ለፍልጡ አልተቀበሉኝም።

የተሰበረውን የአባቴን ዛቢያ አልጣልኩትም። ሁለቱን ስብርባሪ ገጥሜ በወረቀት ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያውን ነድፌዋለሁ። ወደ ጫፉ ሲደርስ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። መጀመሪያ ጠሞ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ግራኝ ነበር። እኔ አይደለሁም። ፍልጡን ከጣራው ሥር ሰክቼዋለሁ፤ እስከሚቀጥለው መስከረም ይደርቃል ብለውኛል።